ደምቢያ ያለው የክሬኖች ጨፌ፦ ለሰው እንክፈተው ወይስ እንተወው?

የአዘዞዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጎንደር ውስጥ ቅዳሜና እሁድ በእግር የምንወጣ ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ወንበር ላይ የምንውል ነን። ኮሶዬ ወጥተናል፤ አንገረብ ግድብ ዙሪያ ደጋግመን ሄደናል። አሁን ደግሞ አንዱ ጓደኛችን ከደምቢያ ወደ ጣና ሲወረድ ያለ አንድ ጨፌ አሳየን። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱ ከታች ይገባችኋል። እዚያ ባለዘውድ ክሬን የሚባል ወፍ አለ። ያ ጥቁሩ፣ ባለረጅም እግሩ፣ ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ከከብቱ መሃል ሲንጎራደዱ ይታያሉ።

ሐሳባችን ጉዞውን ለሁሉም መክፈት ነበር። በወር አንድ ሚኒባስ፣ ለተማሪ በነፃ። የጎንደር ልጅ ፋሲል ግንብን አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ጣና ዳር ምን እንደሚኖር ግን አያውቅም። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የሚያየውን ወፍ እኛ ቅርባችን ሆኖ ሳናየው እናረጃለን። ይሄ ያበሽቀኛል።

ታዲያ ግሩፑ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዷ «ሰው ካወቀው አለቀለት» ትላለች። ሌላው «ሰው ካላወቀው ነው የሚያልቅለት፤ አንድ ቀን ስትሄዱ ሩዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ» ይላል። እኔ ሁለቱም ልክ መሰሉኝና መሃል ቆሜያለሁ። የደምቢያና የጎርጎራ ሰዎች፣ የስሜን ፓርክን የምታውቁ፣ እስቲ ሐሳብ ስጡን። ሰው ይግባ? ከገባስ መቼና እንዴት?

ፎቶ_በፀሐይ

ቦታውን በውስጥ ላኪልኝ። ለፎቶ ብቻ ነው፣ እምላለሁ።

የአዘዞዋ

ይኸው ጀመረ!

ሽምብራ_ጠባቂ

እኔ የደምቢያ ልጅ ነኝ፣ ቆላድባ አካባቢ። አሁን የምኖረው ጎንደር ነው። ልጅነቴ ያለፈው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ወፍ ስጠብቅ ስለሆነ ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ክሬን እንዳለ ልብ በሉ። አንዱ ግራጫው ነው። እንግዳ ነው፤ በጥቅምት በኅዳር ከሰሜን፣ ከአውሮፓ በኩል ይመጣል፣ በየካቲት በመጋቢት ይመለሳል። በሺዎች ነው የሚመጣው። ሽምብራና ጓያ ላይ ያርፋል። ለገበሬ ራስ ምታት ነው፤ እኛንም ከትምህርት ቤት ያስቀረን እሱ ነው። ሁለተኛው አንቺ ያየሽው ባለዘውዱ ነው። እሱ የቤት ልጅ ነው፣ የትም አይሄድም። እንቁላል የሚጥለው በክረምት፣ ጨፌው ውኃ ሲሞላና ሣሩ ሲረዝም ነው። ጎጆው ውኃ መሃል ያለ የሣር ክምር ነው። አጠገቡ ቆማችሁ እንኳ ላታዩት ትችላላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ወፉ ከብት አይፈራም። ከከብት ኋላ የሚሄድ እረኛም አይፈራም። በየቀኑ ስለሚያየው ለምዶታል። የሚፈራው ቆሞ የሚያየውን ሰው ነው። አልፎ የሚሄድ ምንም አይደለም፤ ቆም ብሎ ዓይኑን የሚተክል፣ ያውም አሥራ አምስት ሆኖ የሚተክል፣ ለወፉ አዳኝ ነው። ተነስቶ ይሄዳል። እሱ ሲነሳ ቁራ ይወርዳል። በቃ፣ የዚያ ዓመት እንቁላል ተበላ ማለት ነው።

ግን ደግሞ ጨፌውን የሚጨርሰው የእናንተ ሚኒባስ አይደለም። ውኃው ሲሸሽ ሰው እየተከተለ ያርሳል። ባሕር ሸሽ መሬት ይሉታል፣ ለም ነው፣ ማዳበሪያም ብዙ አይፈልግም። መሬት የጠበበበት ወጣት ምን ያድርግ? ሩዝ ከፎገራ በኩል ከመጣ ወዲህ ደግሞ ድሮ «ውኃ ተኝቶበታል» ተብሎ የሚታለፈው መሬት ሁሉ ዋጋ አወጣ። ውኃ የሚወድ ወፍና ውኃ የሚወድ እህል አንድ ቦታ ተገናኙ። ስለዚህ «ሰው ይግባ ወይስ አይግባ» ስትሉ ይገርመኛል። ሰው ገብቷል እኮ። ከድሮም እዚያው ነው።

ማራኪ_ካምፓስ

ሽምብራ_ጠባቂ ያለውን ከትምህርቱ በኩል ላጠናክር። ባዮሎጂ ነው የማጠናው።

ባለዘውዱ ክሬን በዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቧል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ይጥላል፤ አንድ ወር ያህል ይታቀፋል። ጫጩቶቹ እንደተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆዩ ከጎጆው ወጥተው እናት አባታቸውን በእግር ይከተላሉ፤ መብረር ግን ገና ወራት ይቀራቸዋል። ስለዚህ «ጎጆው ያለበትን ነጥብ ብቻ እንከልል» የሚለው አያዋጣም። የጨፌው ዳር ሁሉ የጫጩት ማሳደጊያ ነው።

ጣና ዙሪያ ሌላም አለ። ከመንቁሩ ግራና ቀኝ ሁለት ነጭ ሥጋ የሚንጠለጠልለት ትልቁ ክሬን። በአፍሪካ ካሉት ክሬኖች በቁመት የሚበልጠው እሱ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ነው የሚጥለው፣ የሚያሳድገውም አንድ ጫጩት ነው። ጫጩቷ ለመብረር ከሦስት እስከ አራት ወር ትፈጃለች። አስቡት እንግዲህ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ውሻ ይዞ የመጣ ሰው የዓመቱን ድካም ዜሮ ያደርገዋል። በአገራችን ያሉት የዚህ ዓይነት ክሬኖች ደግሞ በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ካሉት ዘመዶቻቸው ተነጥለው የሚኖሩ ናቸው፤ እዚህ ከጠፉ ከወዲያ መጥቶ የሚተካቸው የለም።

እንዲህም ሆኖ እኔ መዝጋትን አልደግፍም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። የባዮስፌር ሐሳቡ ራሱ ሰውን ማስወጣት አይደለም። ጥብቅ የሆነ ማዕከል አለ፣ በዙሪያው ከለላ ቀጠና አለ፣ ከዚያ ውጭ ሰው የሚያርስበትና የሚነግድበት አለ። ወረቀት ላይ መልሱ ተጽፏል። የጎደለው መሬት ላይ ድንበሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ቁስቋም_ሰፈር

ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝና ቃሌ ከረር ቢል ይቅር በሉኝ። እኔን ከሰማችሁ አትሂዱ። መንገድ ከተበጀ በኋላ «ቀስ ብለህ ግባ» የሚባል ነገር አላየሁም። ዛሬ እናንተ በሥርዓት ትሄዳላችሁ። ነገ ቢራ የያዘው ይከተላል፣ ከነገ ወዲያ ድንኳን ተክሎ ሙዚቃ የሚከፍተው። ፌስታሉን የሚለቅመው ማነው?

የአዘዞዋ

ጋሼ፣ አንቱ እንዳሉት ፈርተን ነው የጠየቅነው። ግን ከዘጋነው ደግሞ የሚቆጭለት ሰው ከየት ይመጣል? ያላየውን ነገር ማን ይከላከልለታል?

ቁስቋም_ሰፈር

መልካም ጥያቄ ነው የኔ ልጅ። መልሴ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ያሉትን ጽዶች አይታችኋል። በየገዳሙና በየደብሩ ዙሪያ ያለውን ደንም እንዲሁ። አገሩ ሁሉ ተራቁቶ እነሱ የቀሩት ተዘግተው አይደለም። ሰው በየቀኑ ይገባባቸዋል፣ ሠርግም ቀብርም አለ። የቀሩት ባለቤት ስላላቸው ነው። የሚገባው ሰው የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ካላወቀም የሚቆጣ አለ። የእናንተ ጨፌ የሚቆጣ ሰው አለው? ካለው ሂዱ። ከሌለው መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። እኔ «አትሂዱ» ያልኩት ለዚህ ነው።

ጎርጎራ_ወደብ

እኔ ጀልባ ነው የምሠራው። የአባባን ነገር ወድጄዋለሁ፣ ግን ተቆጪ መሆን እንጀራ ያሳጣል። እንግዳው ጀልባ ላይ ሆኖ «ቅረብ፣ ቅረብ፣ ትንሽ ቅረብ» ይላል። ካልቀረብኩ ሌላ ጊዜ ሌላ ጀልባ ይይዛል። ከቀረብኩ ሞተሩ ደንገሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ማዕበሉ ውኃው ላይ የተሠራውን ጎጆ ሁሉ ያናውጠዋል። አንዳንድ ወፍ ጎጆውን የሚሠራው ከውኃው ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ከደንገሉ ራቅ ብዬ ሞተሩን አጠፋለሁ። «ካሁን በኋላ በመቅዘፊያ ነው፣ ወፉ ሞተር ከሰማ ይሄዳል፣ ሳታዩት ትመለሳላችሁ» እላለሁ። ይህን ስል ሁሉም ዝም ይላል። ስለ ጥበቃ ብሰብካቸው አይሰሙኝም፤ «አታዩትም» ስላቸው ይሰማሉ። ለአስጎብኚዎች ይህችን ዘዴ በነፃ ሰጥቻለሁ።

ሌላው፣ እዚህ ሰው ስለ ጎብኚ ይጨነቃል፣ እኔ የምፈራው እምቦጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜኑ በኩል፣ መገጭ ከሚገባበት አካባቢ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በእጃችን ነቅለን ስንት ጊዜ ተመልሶ አለበሰው! እምቦጭ የተኛበት ዳር ላይ ወፍ ቆሞ ዓሣ አያጠምድም፣ ታንኳም አያልፍም። ጎርጎራ ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክቶች አንዱ ሆኖ እንግዳ ሲመጣልን ደስ ብሎናል፣ አልዋሽም። ግን እንግዳው የሚያየው ውኃ እንዲኖር እምቦጩ መጥፋት አለበት።

ፎቶ_በፀሐይ

እሺ፣ ቀልዱን ትቼ ልናገር። ፎቶ አንሺን ሁሉ በጅምላ አትውቀሱ። እኔ ረጅም ሌንስ ነው የምጠቀመው፣ ከመኪና ሳልወርድ ነው የማነሳው። መኪና ለወፍ እንደ ከብት ነው፣ ሰው ከውስጡ እስካልወጣ አይደነግጥም። ይህን ለሚኒባሳችሁም ያዙት። ደግሞ ጎንደር ውስጥ ስለ እነዚህ ወፎች ማንም ባያውቅ ኖሮ ይህ ውይይት ራሱ አይኖርም ነበር። እነሱን ያሳወቃቸው ፎቶ ነው።

ማራኪ_ካምፓስ

ፎቶው ምንም አይደለም። ችግሩ ፎቶው ላይ የሚለጠፈው ቦታ ነው። አይናቹራሊስትን የመሳሰሉት የተፈጥሮ መመዝገቢያዎች እንኳ ለአደጋ የተጋለጠ ፍጥረት ስትመዘግብ ትክክለኛ ነጥቡን ደብቀው ሰፊ አካባቢ ብቻ ነው ለሌላው የሚያሳዩት። ቲክቶክ ላይ ግን አንዱ ከነመንገዱ ያሳይሃል፣ «ከቆላድባ ወደ ግራ ታጥፋችሁ» እያለ።

ፎቶ_በፀሐይ

በዚህ እስማማለሁ። «ጣና ዳር» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

አራዳ_ቁልቁል

ድሮንስ? አንድ ሰርግ ላይ የመጣ ቪዲዮ አንሺ ድሮኑን ወደ ወፎቹ ሲሰደው በዓይኔ አይቻለሁ። መንጋው ሁሉ ተነሳ። ቪዲዮው በጣም ያምር ነበር፣ ያ ነው የሚያሳዝነው። አስተያየት መስጫው ላይ ሁሉም «ዋው» ብሎ ነው ያለፈው። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር እንደሚከለከል እንኳ ያስታወሰ የለም።

ስካውት_ደባርቅ

ሰላም። ስሜን ተራሮች ላይ እንግዳ አጅቤ ስሄድ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። የእናንተ ጨዋታ ስለ ጨፌ ነው፣ የኔ ስለ ገደል። ነገሩ ግን ያው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው።

እኛ ጋ አጥንት ሰባሪው አሞራ አለ። ባለጢሙ። አጥንት ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፣ ሲሰበር ወርዶ ይውጠዋል። ጎጆው ገደል ግድግዳ ላይ ነው። የክሬኑ ጫጩት በክረምት ነው የሚያድገው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ራሱ ጎብኚ ይከለክላል። የእኛ አሞራ ግን የሚራባው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። የእንግዳ ወቅት ደግሞ መቼ ነው? ያው በዚያው! ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ በነጋታው ሳንካበርና ጨነቅ የሚመጣው ሕዝብ የሚደርሰው አሞራው እንቁላል ወይም ጫጩት ይዞ ባለበት ጊዜ ነው። ከሁለት ወር ትንሽ ያነሰ ይታቀፋል፣ ከዚያ ጫጩቱ አራት ወር ያህል ጎጆው ውስጥ ይቆያል። በመጨረሻ የሚያድገው አንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእኛ «በመራቢያ ጊዜ እንዝጋ» ማለት ፓርኩን መዝጋት ማለት ነው፤ ደባርቅ ያለው በቅሎ አከራይ፣ ምግብ አብሳይ፣ አስጎብኚ ሁሉ ቤቱ ይቀመጣል። የሚያዋጣው ቦታ መምረጥ ነው። የትኛው ገደል አፍ ላይ ሰው ይቁም፣ የትኛው ላይ አይቁም። ደግሞ ሥርዓት ማስያዝ። የአገራችን ጎብኚ ገደል ሲያይ ሁለት ነገር ያምረዋል፤ መጮህና ድንጋይ መወርወር። «ሲያስተጋባ እንስማ» ይላል። ከታች ጎጆ ይኑር አይኑር አያውቅም። እኔ ድንጋይ ያነሳ ሰው ሳይ ከሩቅ ነው የምጮኸው። ፈረንጁ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈተ ወፏን ይጠራታል። ወፏ ጠላት የመጣባት መስሏት ሥራዋን ትታ ስትሯሯጥ ትውላለች። ሁለቱም ያው ጥፋት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የዓለም ቅርስ የሆነው። ከ1996 እስከ 2017 ግን በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። ከዚያ ለመውጣት ፓርኩን የሚያቋርጠው መንገድ ጉዳይ ተነስቷል፣ ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎችም ቤታቸውን ለቅቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ሣሩ አገግሟል፣ ያንን አይቻለሁ። ከሰዎቹ ጋር ግን ዛሬም ገበያ ላይ እንገናኛለን፣ ቀላል ነገር አልነበረም። «እንከልል» የምትል ቃል ስትጽፉ ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ሽምብራ_ጠባቂ

ስካውት፣ እጅህን ልሳመው። ይሄን ነበር ልል የፈለግኩት።

ከርቀት

እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ ያደግኩት ቀበሌ 18። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ምናልባት ይጠቅማል።

ስኮትላንድ ውስጥ ኦስፕሬይ የሚባል ዓሣ አዳኝ አሞራ ጠፍቶ ነበር። በ1950ዎቹ አንድ ጥንድ ሎክ ጋርተን የሚባል ሐይቅ አጠገብ ጎጆ ሠራ። የወፍ ጥበቃ ማኅበሩ በምስጢር ይዞት ሌሊት ሁሉ ያስጠብቅ ነበር። እዚህ ብርቅ እንቁላል መሰብሰብ ሱስ የሆነባቸው ሰዎች ነበሩ። በ1958 አንዱ በጨለማ ዛፉ ላይ ወጥቶ እንቁላሎቹን ወሰደ። ምስጢሩ አላዳነውም።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1959፣ ማኅበሩ ተቃራኒውን አደረገ። ከጎጆው ራቅ ብሎ መመልከቻ ሠራ፣ ቴሌስኮፕ ተከለ፣ ለጋዜጣ ነገረ። 14 ሺህ ያህል ሰው መጣ። የዚያ ዓመት ጫጩቶች አድገው በረሩ። ሰው ሁሉ የሚያየው ጎጆ ላይ ሌባ መውጣት ፈራ። ዛሬ ስኮትላንድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች አሉ።

ስካውት_ደባርቅ

ወንድሜ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ግን እነሱ ጎጆውን ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ነበራቸው፣ ሽቦ አጥር ነበራቸው። እኛ ጋ አንድ ስካውት ስንት ተራራ እንደሚያካልል ታውቃለህ? መክፈት ብቻውን አላዳነውም። ከፍተው የጠበቁት ነው ያዳነው።

ከርቀት

ልክ ነህ። የእነሱ ሌባ ደግሞ እንቁላል ሰብሳቢ ነው፤ የደምቢያው ችግር እንቁላል ሌባ አይደለም። ታሪኩን ያመጣሁት «ምስጢር ይጠብቃል» የሚለው ሁልጊዜ እንደማይሠራ ለማሳየት ነው። የደምቢያ እረኛ ሁሉ የሚያውቀውን ቦታ ከጎንደር ሰው መደበቅ ለማን ነው?

የአዘዞዋ

ይህቺ ነካችኝ። እውነት ነው፣ ምስጢሩ ለእኛ እንጂ ለአገሬው ምስጢር አይደለም።

ቄራ_ጎረቤት

ሩቅ ሳትሄዱ አንድ ነገር ልበል። ብርቅ ወፍ ብርቅ ወፍ ትላላችሁ፤ በየቀኑ ቤቴ ጣራ ላይ የሚያርፈውን ጥንብ አንሳ የቆጠረው የለም። ያ ትንሹ፣ ፊቱ ቀላ ያለው። ልጄ ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቶ «አባዬ ይሄ እኮ በዓለም ሊጠፋ የቀረበ ነው» ሲለኝ ሳቅኩበት። ማራኪ_ካምፓስ፣ እውነት ነው?

ማራኪ_ካምፓስ

ልጅዎ ልክ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከፍተኛ ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ነጭ ጀርባው ጥንብ አንሳም፣ ገደል ላይ የሚራባው ትልቁ ጥንብ አንሳም እንደዚያው። ከባለዘውዱ ክሬን የባሰ አደጋ ላይ ናቸው! ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ሰው ጅብ ወይም ባለቤት የሌለው ውሻ ለመግደል ሥጋ ይመርዛል፤ የሞተውን ጥንብ አንሳው ይበላና አብሮ ይሞታል። አንድ የተመረዘ ሥጋ ሙሉ መንጋ ይጨርሳል።

ከልቤ ነው የምለው፣ የተማሪዎቹ የመጀመሪያ ጉዞ ጨፌ መሆን የለበትም። ቄራ ይሁን። ወፉ ሰው ለምዷል፣ አይረበሽም፣ መኪናም አያስፈልግም።

ቄራ_ጎረቤት

ሽታውን ግን አልነገርካቸውም።

አራዳ_ቁልቁል

መሐረብ ይያዝ ተብሎ ፖስተሩ ላይ ይጻፋል።

የአዘዞዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከግሩፑ ጋር ተነጋገርን፤ የደረስንበትን ላስቀምጥና ቀዳዳውን አሳዩኝ።

ከሰኔ እስከ ኅዳር መጨረሻ ወደ ጨፌው ማንም ከእኛ አይሄድም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እንሄዳለን፤ ያኔ ሣሩ አጥሯል፣ ጫጩቶቹ አድገዋል፣ ግራጫዎቹ እንግዶችም አሉ። ያኔም ጨፌው ውስጥ አንገባም፤ ከመኪና መንገዱና ከታጨደው ማሳ ዳር ሆነን ነው የምናየው፣ የማሳውን ባለቤት አስፈቅደን። አንድ ሚኒባስ ብቻ። የቦታውን ስም አንጽፍም፣ ድሮን የያዘ ሰው አንጭንም። የመጀመሪያው ጉዞ ግን ቄራ ነው፣ ተወስኗል። የጥምቀት ሰሞን ስሜን የሚሄዱ አባሎቻችን ደግሞ የስካውትን የድንጋይ ነገር ለሌላውም ይነግራሉ።

የቀረን ገንዘቡ ነው። ከእያንዳንዱ ተጓዥ ትንሽ ሰብስበን እዚያ ላሉት እረኞች ልጆች ብንሰጥ ብለናል። ወፎቹን እንዲጠብቁልን።

ሽምብራ_ጠባቂ

እንዳታደርጉት! ሁሉንም ጥሩ አድርጋችሁ እዚህ ላይ ልታበላሹት ነው።

ለእረኛ ልጅ ብር ብትሰጡ በሚቀጥለው ወር ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ልጁ ሚኒባሱን ከሩቅ ያያል። እናንተ ወፍ ለማየት እንደመጣችሁ ያውቃል። ወፉ ሣር ውስጥ ተቀምጦ ካልታያችሁ ሮጦ ሄዶ ጅራፍ አጩሆ ያስነሳላችኋል። «ያው፣ አየሃት?» ብሎ እጁን ይዘረጋል። እኔ በእሱ ዕድሜ ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው። ደግሞም ከብት ትቶ እንግዳ መጠበቅ ይለምዳል፣ ትምህርቱም ይቀራል።

ብሩ ለሰፈሩ ይሁን። በዕድር በኩል፣ ወይም የግጦሹን ጨፌ በጋራ ለሚያስተዳድሩት ሽማግሌዎች። ስጦታ አይሁን፣ ስምምነት ይሁን። «ይህን ጥግ በክረምት ከብት እንዳታስገቡበት፣ እንዳታርሱት፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ ይህን እናዋጣለን።» ወፉ ካለ እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ ከመጣ መዋጮ አለ። ቁስቋም_ሰፈር ጋሼ የሚቆጣ ሰው ፈልጉ ያሉት ይሄው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ይቆጡላችኋል።

በሩዝ በኩል ግን አልዋሻችሁም። አንድ ሰው በዚያች ጥግ ሩዝ ቢዘራ የሚያገኘውን የእናንተ መዋጮ አይተካውም። ትንሽ ጥግ እንጂ ጨፌውን ሁሉ አታድኑም።

ቁስቋም_ሰፈር

ይህ ልጅ ጨዋ ነው። ሽማግሌ ካስፈለጋችሁ እኔም በዚያ በኩል ዘመድ አለኝ፣ አብሬያችሁ እወርዳለሁ።

ፎቶ_በፀሐይ

የትልቁ ጨፌ ጉዳይ የወረዳ ነው፣ የመሬት አጠቃቀም ነው። ባዮስፌሩ ላይ የተጻፈውን ድንበር ይዛችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ፎቶ ካስፈለጋችሁ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ፤ ባለሥልጣን ወረቀት ላይ ያለ ወፍ አያሳስበውም፣ ፎቶ ግን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል።

ጎርጎራ_ወደብ

በጀልባ የምትመጡ ከሆነ ስምንት ሰው ነው የምጭነው። አሥር ብላችሁ እንዳትለምኑኝ። ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

የአዘዞዋ

ሽምብራ_ጠባቂ፣ ስለ ልጆቹ ያልከው በፍጹም አልታየንም ነበር። ሰርዘነዋል፤ በዕድሩ በኩል ይሆናል። ጋሼ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይመችዎታል? አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥተን እንወስድዎታለን።

ለቄራው ጉዞ ደግሞ ቢኖክላር ያለው ሰው እንፈልጋለን። ያለን ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱ በአንድ ዓይን ነው የሚያሳየው።

ማራኪ_ካምፓስ

እኔ አንድ አለኝ። ጥንብ አንሳ ለማየት ግን ባዶ ዓይን ይበቃል፣ ጣራ ላይ ነው ያለው።

ቄራ_ጎረቤት

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኑ፣ እርድ እንዳለቀ። በሩን እከፍታለሁ፤ ቡናም ይኖራል፣ መጠጣት ከቻላችሁ።